የእናቴ ወይን ቅጠሉ ዳር ዳሩን ነደደ፤ በሽታ ነው ወይስ ሌላ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። ይህን ጥያቄ ያነሳሁት ከአንድ ወር በፊት ነበር። የውይይቱ ክር ረዝሞ 27 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ያንኑ ደግመው ይጠይቁኛል። ስለዚህ ጥያቄዬን እንዳለ ትቼ፣ የመጡትን መልሶች በራሴ ቃል ከሥሩ አስቀምጫለሁ። ቁጥራቸውን ጠብቄአለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄው

በእናቴ ግቢ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ፣ አንድ የወይን ሐረግ አለ። ዕድሜው ከታናሽ እህቴ ይበልጣል። በእንጨት ዳስ ላይ ወጥቶ ግማሽ ግቢውን ያጠላል። እናቴ ፍሬውን አትሸጥም። ደህና ደህናውን ዘለላ ትመርጥና ሰፌድ ላይ ታደርቀዋለች። ከዕጣኑና ከጧፉ ጋር ዘቢቡን ለደብሩ ትሰጣለች። ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ ከገበያ መግዛት ትችላለች። ግን ከራሷ ግቢ የወጣው ነው ደስ የሚላት።

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ ቡናማ ሆነ። መሃሉ አረንጓዴ ነው፤ ዳሩ እሳት የላሰው ወረቀት ይመስላል። አፈሩ እርጥብ ነው። ተክሉ ግን የተጠማ ነው የሚመስለው። የሻጋታ መድኃኒት ገዝቼ ሁለት ጊዜ ረጨሁ። ለውጥ የለም።

ካሊፎርኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ፎቶውን አይቶ፣ እዚያ ወይን የሚጨርስ በነፍሳት የሚተላለፍ ቫይረስ አለ አለኝ። ለገና ሲመጣ ጤነኛ የወይን ቁራጭ በሻንጣ ሊያመጣልኝ አስቧል። የለውዝ ዛፍ ቁራጭም ይጨምርልኛል። ሁለት ነገር ንገሩኝ። ይህ በሽታ ያ ነው? ቁራጩንስ ያምጣው?

መልሶቹ

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ወንድም ዓለም ብሎ ጀምሮ ለእናቴ ሰላምታ ላከ። ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ከቅጠሉ ፊትም ከጀርባውም አንስቼ እንድልክ ጠየቀኝ። ላክሁ።

2ኛዋ ከቡሬ የጻፈች እናት ናት። ስለ በሽታ አንድም ቃል አላነሳችም። የልብስ አጠባው ውሃ ወዴት ነው የሚፈሰው ብላ ብቻ ጠየቀች። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ አልመለስሁላትም። እኔ ስለ ካሊፎርኒያ እያሰብሁ ነበር።

3ኛው ግን ክሩን ክር ያደረገው ሰው ነው። የዕፅዋት ጥበቃ የተማረ ነው። መጀመሪያ ያረመው ቃሌን ነው። ነገሩ ቫይረስ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። በዚህ ግን ሊያሳፍረኝ አልፈለገም፤ ሳይንቲስቶቹም እስከ 1970ዎቹ ድረስ ቫይረስ ነው ብለው ያምኑ ነበር አለኝ። የባክቴሪያው ስም ዛይሌላ ፋስቲዲዮሳ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በወይን ላይ የሚያመጣው በሽታ ግን የፒርስ በሽታ ይባላል። ኒውተን ፒርስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1880ዎቹ በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም አካባቢ፣ ወይን በገፍ ሲያልቅ ያጠናው ስለሆነ ነው።

አሠራሩን ሲያስረዳ ቀስ ብሎ ነው ያስረዳው። ተክል ከሥሩ ውሃ ወደ ቅጠል የሚያወጣበት ቀጫጭን ቧንቧ አለው። ትምህርት ቤት ዛይለም ብለን የተማርነው ነው። ባክቴሪያው የሚኖረው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ይራባል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ቧንቧውን ይደፍናል። ተክሉም ራሱን ለመከላከል ሙጫ መሰል ነገር ያወጣል፤ ያ ደግሞ ይብስ ይዘጋዋል። ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቅጠሉ ይጠማል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። የእናቴን ወይን የሚያህል ምሳሌ የለም ብዬ አሰብሁ።

አስተላላፊዎቹ ይህንኑ የቧንቧ ውሃ የሚመጥጡ ዘላይ ነፍሳት ናቸው። ውሃው ምግብ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነፍሳቱ ቀኑን ሙሉ ሲመጥጥ ይውላል፤ ቀኑን ሙሉም ጠብ ጠብ ያደርጋል። ባክቴሪያው አፉና ጉሮሮው ላይ ይጣበቃል። ከታመመ ተክል ጠጥቶ ጤነኛው ላይ ሲያርፍ ወዲያው ያስተላልፋል። ገና ያላደገው ቆዳውን ሲቀይር የጉሮሮው ሽፋንም አብሮ ስለሚወልቅ ከበሽታው ይነጻል። ያደገው ግን አንዴ ከያዘው እስኪሞት ተሸካሚ ነው።

ቀጥሎ ሦስት ነገር እንዳይ አዘዘኝ። የታመመ ወይን ቅጠሉ ሲረግፍ ዘንጉ ሐረጉ ላይ ይቀራል፤ እንደ ክብሪት እንጨት ቆሞ ይታያል። ሐረጉ እኩል አይጠነክርም፤ ቡናማው ቅርፊት ላይ አረንጓዴ ንጣፎች እዚህም እዚያም ይቀራሉ። ዘለላውም ሳይለቀም ሐረጉ ላይ እንዳለ ይጨማደዳል። እነዚህን ሳላይ በቅጠል ዳር ብቻ ስም እንዳልሰጥ አስጠነቀቀኝ። ዳሩን የሚያቃጥል ነገር ብዙ ነው፤ ድርቅ፣ ጨው፣ የፖታሽየም እጥረት።

4ኛው ቆጣ ያለ ነው። የአሜሪካን በሽታ አምጥታችሁ ሰው አታስፈራሩ አለን። አዊ ላይ የከሰሉ ዛፍ እየደረቀ፣ ገበሬው ቆሞ እያለቀሰ፣ እናንተ ስለ ወይን ታወራላችሁ ብሎ ወቀሰን። ቁጣው አልከፋኝም። ያላግባብም አልነበረም።

5ኛዋ ከፋግታ ለኮማ ናት። 4ኛውን ደገፈችው። ቤተሰቧ ከጤፉ መሬት ግማሹን ለዲከረንስ ግራር፣ ለዚያው የከሰል ዛፍ፣ ሰጥቶ ነበር። ከሰሉ ቤት አሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል። ከዚያ ዝገት የመሰለ ነገር ቅጠሉና ቅርንጫፉ ላይ ወጣ። ቅርንጫፉ አበጠ፣ ተጣመመ፣ ችግኙ ሳያድግ ደረቀ። ይህም በነፍሳት የመጣ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። 3ኛው ተመልሶ፣ አይደለም አላት። እሱ ፈንገስ ነው፤ ብናኙን ነፋስ ነው የሚወስደው። ለዚያ የሚሠራ ብልሃት ለዚህ አይሠራም። ከዚህ በኋላ ይህች ልጅ ሌላ አልጻፈችም። ስለ ቤተሰቧ አሁንም አስባለሁ።

6ኛው መድኃኒቱን በእጥፍ አድርገህ ርጨው አለኝ። 7ኛው ፈጥኖ አስቆመኝ። የፈንገስ መድኃኒት ባክቴሪያን አይነካም። ቢነካ እንኳ ባክቴሪያው ያለው እንጨቱ ውስጥ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይደለም። በእጥፍ መርጨት ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ጉድጓዱ አጠገብ ከሆነ ደግሞ የምትጠጡትን ውሃ መመረዝ ነው አለ። ይህን ያነበበችው እህቴ የተረፈውን መድኃኒት ወዲያው ቆልፋበታለች።

ከ8 እስከ 10 ያለው ከመንገድ የወጣ ወሬ ነው፤ ግን ወድጄዋለሁ። 8ኛው ለውዝ ዛፍ የለውም፣ ከመሬት በታች ነው የሚያፈራው፣ ከመተከል በጆንያ ሲመጣ አይተናል ብሎ ተከራከረ። 9ኛው የአብነት ተማሪ የነበረ ሰው ነው። የአሮን በትር ለምልማ፣ አበባ አውጥታ ለውዝ ያፈራችው በኦሪት ዘኁልቅ 17 እንደሆነ አስታወሰ። ኤርምያስም ያየው የለውዝ በትር ነው። በትር ከዛፍ እንጂ ከመሬት ሥር አይቆረጥም አለ። 10ኛዋ ከመሬት ሥር ያለውን ኦቾሎኒ፣ የዛፉን ለውዝ እንበል ብላ አስታረቀቻቸው። ከዚህ በታች እኔም እንደዚያው ነው የምለው።

11ኛው የለውዝ ዛፍ ፍሬ ለመስጠት በቅዝቃዜው ወራት ብዙ ሰዓት ብርድ እንደሚፈልግ አስታወሰኝ። ፍኖተ ሰላም ያን ብርድ ከየት ታመጣለች? ጥሩ ነጥብ ነበር። 3ኛው በዚህ ላይ ጨመረ። ያው ባክቴሪያ ለውዝንም ይይዛል። ቅጠሉ ዳሩ ይደርቅና በደረቀውና በአረንጓዴው መካከል ቢጫ መስመር ይወጣል። የካሊፎርኒያ ገበሬዎች ድሮ ወርቃማ ሞት ይሉት ነበር። ዛፉ ቶሎ አይሞትም፤ ከዓመት ዓመት ፍሬው እየቀነሰ ይከሳል። ሌላም ነገር አለ። ውርጭ ባለበት አገር በሽታው ገና የያዘው ወይን አንዳንዴ በክረምቱ ብርድ ይድናል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ውርጭ የለም።

12ኛው ከደምበጫ ነው። ወይን የለውም፤ ብርቱካን ነው ያለው። ቅጠሉ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ቢጫ ጣል ጣል ያደርጋል። ፍሬው ትንሽና ጠማማ ነው፤ ቢበስልም ታችኛው ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፣ ሲቀምሱትም መራራ ነው። እኔ ይህ ከጥያቄዬ ወጣ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ከሁሉ ይበልጥ እኛን የሚመለከት ይህ ሆኖ ተገኘ።

3ኛው ምልክቶቹ አረንጓዴ የሚያስቀር በሽታ ተብሎ ከሚታወቀው የብርቱካን በሽታ ጋር ይገጥማሉ አለ። እሱም ባክቴሪያ ነው፤ እሱንም የሚያስተላልፈው ጭማቂ መጣጭ ትንሽ ዘላይ ነፍሳት ነው። የአፍሪካው ዓይነት ቀዝቃዛ ደጋ ይወዳል። የእስያው ሙቀት ይችላል፣ ይብሳልም። እ.ኤ.አ. በ2010 የእስያው ዓይነት በሰሜን ኢትዮጵያ ብርቱካን ላይ መገኘቱ ታትሟል። ፍሎሪዳ ውስጥ በሽታው የታየው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት ከ200 ሚሊዮን ሣጥን በላይ ብርቱካን ያመርት የነበረ ግዛት ዛሬ ከዚያ አሥር እጅ አንዱን እንኳ አያገኝም። ለደምበጫው ሰው የሰጠው ምክር አጭር ነው። ከዚያ ዛፍ ለማዳቀል ቅርንጫፍ አትቁረጥ፤ ለጎረቤትም አትስጥ፤ የወረዳውን የልማት ሠራተኛ ጥራና ናሙና ይወሰድ።

13ኛዋ ሙዝ ነው ያነሳችው። ትውልዷ ከደቡብ ነው፤ ጃቢ ጠህናን ተድራ መጥታ ሙዝ ታለማለች። የእንሰት አጠውልግ የተባለው በሽታ አያቷን እንዴት እንዳስራበ ተረከች። ያም ባክቴሪያ ነው። ለዓለም ሳይንስ መጀመሪያ የተነገረው ከእኛው አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እንሰት ላይ በብዛት የሚያዛምተው ቢላዋና ማጭድ ነው። ሙዝ ላይ ግን ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ከወንዴው እምቡጥ ላይ ያለውን ፈሳሽ ለመቅሰም ሲዞሩ ያዳርሱታል። የመጨረሻው ፍሬ ከወጣ በኋላ እምቡጡን በሹካ እንጨት ጠምዝዞ መስበር ነው ብላ አስተማረችን። በቢላዋ አይቆረጥም፤ ቢላዋው ራሱ በሽታ ይዞ ይዞራል። በዚህ ክር ውስጥ እጅን ወደ ሥራ የላከ ምክር ይህ ነው። ሁለት ሰዎች በማግስቱ ሞክረውት ጽፈዋል፤ 14ኛውና 15ኛው እነሱ ናቸው።

16ኛው መልስ ላይ ጠብ ተጀመረ። ጸሐፊው የባህር ዳር ልጅ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ የሚያመጣልን አረም ብቻ ነው አለ። እምቦጭም አበባው ያምር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣናን ምን እንዳደረገው እኛ እንጂ እናንተ አላያችሁትም። ውሃ ውስጥ ገብቼ በእጄ ነቅያለሁ ብሎ ጻፈ። በዚህ ላይ የአክስቴን ልጅ ስም የሚነካ ቃል ጨመረ። 17ኛው ከካሊፎርኒያ ነው፤ ዘመዴ አይደለም። በጣም አዝኖ መለሰ። አገሩን የሚወድ ሰው ነው ችግኝ ሊያመጣ የሚያስብ፤ ስድብ አይገባውም አለ። አወያዩ ገብቶ ስድቡን አጠፋው። ሁለቱም ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። የጣናው ልጅ እጁ ላይ ያለውን ነው የተናገረው። ሌላውም ናፍቆቱን ነው የተናገረው።

17ኛው በዚያ አላበቃም። ተመልሶ የሚያውቀውን ነገረን። ቴሜኩላ የሚባል የወይን ሸለቆ አጠገብ ሠርቷል። የፒርስ በሽታ በካሊፎርኒያ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ነው፤ አገሬው ነፍሳት ግን ከወንዝ ዳር ብዙም አይርቅም ነበር። በ1990 ገደማ ግን ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ፣ ምናልባት ከችግኝ ጋር፣ ሌላ ትልቅ ዘላይ መጣ። ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ክንፉ መስታወት ይመስላል። ሩቅ ይበራል፤ ጠንካራውን አሮጌ እንጨት ሳይቀር ይወጋል። በብርቱካኑ ውስጥ ይከርምና ወደ ወይኑ ይሻገራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የቴሜኩላ ወይን በመቶዎች በሚቆጠር ሄክታር ተነቀለ። አሁን ከቦታ ቦታ የሚሄድ ችግኝ ይፈተሻል። የነፍሳቱን እንቁላል የሚበሉ ጥቃቅን ተርቦች ይለቀቃሉ። በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም በ2019 በሽታውን የሚቋቋሙ አምስት የወይን ዝርያዎች አውጥቷል። የታመመ ወይን ግን እስካሁን መድኃኒት የለውም። ተነቅሎ ይቃጠላል።

18ኛዋ ከደቡብ ጣሊያን፣ ከፑልያ ነች። አጭር ነው የጻፈችው። እዚያ ባክቴሪያው ወይራ ላይ ነው የወደቀው፤ በ2013 ነው የታወቀው። አረጋዊት አሠሪዋ አያታቸው የተከሉትን ወይራ አቅፈው ሲያለቅሱ አይታለች። ሚሊዮኖች ዛፎች ደርቀዋል። ተሸካሚው ሣር ላይ ምራቅ በመሰለ አረፋ ውስጥ የሚያድግ ትንሽ ነፍሳት ነው አለች።

ይህን ሲያነብ 19ኛው ደነገጠ። በክረምት ሣራችን ላይ ያን አረፋ እናየው የለም ወይ? ከብት እየጠበቅን በጣታችን እንነካካው አልነበር? እኔም አስታወስሁት።

20ኛው መልስ እንደገና የ3ኛው ሰው ነው። ሐሳቤን የቀየረው ይህ ነው። አረፋው በራሱ ምንም አያደርግም አለ። የውሃ መጣጭ ነፍሳት በሁሉም አገር አሉ፤ እኛም ዘንድ አሉ። ባክቴሪያው በሌለበት ጉዳታቸው ኢምንት ነው። አደጋው ባክቴሪያው ሲመጣላቸው ነው። ከዚያ የስፔኗን ማዮርካ ደሴት ታሪክ ነገረን። እዚያ በሽታው በይፋ የተገኘው በ2016 ነው። ተመራማሪዎች የባክቴሪያውን የዘር ሐረግና የዛፎቹን ግንድ ቀለበት ሲመረምሩ ግን የገባው በ1993 ገደማ ሆኖ ተገኘ። የመጣው ከካሊፎርኒያ፣ ለማዳቀል በተወሰደ የለውዝ ቅርንጫፍ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ለውዙ ሲደርቅ ሰው ድርቅ ነው፣ ፈንገስ ነው ሲል ኖረ። የደሴቱ አረፋ ሠሪ ነፍሳት ግን ሥራውን ይሠራ ነበር።

ከካሊፎርኒያ የተቆረጠ የለውዝ ቅርንጫፍ። የአክስቴ ልጅ ሊያመጣልኝ ያሰበው ይህንኑ ነው። ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

21ኛው ቁራጩን በሙቅ ውሃ ነክሮ ማምጣት አይቻልም ወይ አለ። ዘዴው አለ፤ 50 ዲግሪ ላይ 45 ደቂቃ ለወይን ቁራጭ ይሠራበታል። 22ኛው ግን ጠንከር አድርጎ መለሰ። እሱ በሙያተኛ እጅ፣ በልክ በተሠራ ገንዳ ነው። ማድ ቤት በድስት የሚሠራ ሰው ወይ ቁራጩን ይቀቅለዋል፣ ወይ በሽታውን ያተርፈዋል። ከውጭ የሚገባ ተክል ቀድሞ ፈቃድ፣ ከመነሻው አገርም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ሻንጣ ውስጥ ካልሲ መሃል ጠቅልሎ ማስገባት ሕገ ወጥ ነው። ወይን የሚፈልግ ደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል በወይን ላይ ሲሠራ የኖረ ነውና ከዚያ ይጠይቅ አለ። አነጋገሩ ሻካራ ነው። ነገሩ ግን ትክክል ነው።

23ኛው የእኔ ነው። ወይኑን ሄጄ መረመርሁት። የረገፈው ቅጠል ከነዘንጉ ነው የረገፈው፤ የክብሪት እንጨት የሚመስል አልቀረም። ሐረጉ እኩል ጠንክሯል። አረንጓዴ ንጣፍ የለውም። ያን ጊዜ የቡሬዋ እናት ትዝ አለችኝ። ባለፈው ዓመት ሰርቪስ ቤት ስንሠራ የፍሳሹን ቦይ አጥፈነው ነበር። የልብሱም የዕቃውም አጠባ ውሃ አሁን የሚያልፈው በወይኑ ሥር ነው። አፈሩን ስገልጠው ከላይ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል። ከቦዩ በታች ያለው የጎረቤታችን ሎሚም ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን ተቃጥሏል። እህቴ ጨው ነው አለች። 3ኛውም በፎቶው ተስማማ። 2ኛዋን በስም ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋት።

24ኛው መልስ የእሷ ነው። ነገርኩህ አላለችም። ቦዩን ወደ ባሕር ዛፉ አዙር፣ ነጩን አፈር ገፍተህ አውጣ፣ ንጹሕ ውሃ በብዛት እያጠጣህ ጨውን ወደ ታች አውርደው፣ ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍን። እህትህን፣ እናታችሁን ሳሚልኝ በላት አለች። ሁሉንም አደረግን።

25ኛው ይህ ሁሉ ጽሑፍ ለአንድ ቦይ ነበር ወይ ብሎ ተበሳጨ። 26ኛው የደምበጫው ሰው መለሰለት። እሱ የልማት ሠራተኛውን ጠርቶ ናሙና አስወስዷል፤ ከዚያ በፊት ግን ለሦስት ጎረቤት ቅርንጫፍ ሊሰጥ ቆርጦ አስቀምጦ ነበር። ክሩን ካነበበ በኋላ አቃጠለው።

27ኛው የአክስቴ ልጅ ነው። ስሙ ስለተነሳ ተመዝግቦ ገባ። ቁራጮቹን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጧቸው ነበር፤ አውጥቶ ጥሏቸዋል። ለጣናው ልጅ ሰላምታ አቀረበ። በሻንጣው በተረፈው ቦታ ለእናቴ አዲስ የመግረዣ መቀስ ይዞ ይመጣል። ወይኑ ትናንት ከግንዱ ሥር ሁለት አዲስ ቀንበጥ አውጥቷል፤ ፎቶውን ከታች ለጥፌዋለሁ።